ከመሳቢያ የወጣው ብልቃጥ

ወገኖቼ፣ በሥራ ክፍላችን የሆነውን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። አብራን የምትሠራ አንዲት ሴት ለጥቂት ደቂቃ በወጣችበት፣ አንድ ባልደረባችን ወረቀት እፈልጋለሁ ብሎ መሳቢያዋን ከፈተ፤ ጽሑፉ በጥፍር የተፋቀ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣ፤ አንዴ ነቅንቆ ድምፁን ካሰማን በኋላም ስትመለስ እንድታየው ከጠረጴዛዋ መካከል አቆመው። ስትገባ ሁላችንም አቀረቀርን። እሷም ምንም ሳትናገር ብልቃጡን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግስቱ ኩባያዋ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን ይዛ መምጣት ተወች፤ የመውሰጃዋ ሰዓት ግን የሥራ ሰዓት ነበርና መዝለል ጀመረች፤ ወራት ሳይቆዩ ታመመች፤ ሥራውንም ለቀቀች።

ኤችአይቪ በኩባያ እንደማይተላለፍ ከመካከላችን ያልሰማ ማን ነበር? መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የፓርትነር ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸውን 888 ጥንዶች ተከታትሎ፣ በሕክምና ላይ ካለው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኘም። በመድኃኒት ተገትቶ የነበረውን ቫይረስ በደሟ ውስጥ ዳግም ያስነሣነው እኛ ነን!

እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ኩባያዋን ከሌሎቹ ጋር መልሶ ለማስቀመጥ ሁለት እርምጃ ይበቃኝ ነበር፤ አልተራመድኩም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን የኑሮ ጥራት የሚለካበት መጠይቅ ስለ ሕመምና ስለ እንቅልፍ ብቻ አይጠይቅም፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ምን ያህል እንደሚቀበሏቸው፣ በሕመማቸው የሚወቅሳቸው ሰው ምን ያህል እንደሚያስጨንቃቸውም ይጠይቃል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ሐኪም የሚያዝዘው ክኒን የለም፤ መልሱ ያለው አብረዋቸው በምንውል በእኛ ዘንድ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ የሰው መሳቢያ አትክፈቱ፤ የከፈተ ሲገኝም እንደ እኔ አታቀርቅሩ።

ባለፈው ሰሞን አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኋት። መድኃኒቷን ዳግም ጀምራ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሳለች፤ ሌላ ሥራም ይዛለች። የብልቃጡን ጽሑፍ አሁንም ትፍቂዋለሽ ወይ ስላት፣ ጥቂት ዝም ብላ «ለጊዜው» አለችኝ።