ለ«አታስብ» ባዮች የቀረበ ምስጋና

ሦስት ሌሊት በተከታታይ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለአንድ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ሰሞኑን አንድ ነገር ከብዶኛል» ብዬ ጀመርኩለት። ነገሩ ምን እንደሆነ ገና አልነገርኩትም። ምራቄን ዋጥ አድርጌ ልቀጥል ስል ቀደመኝ።

«አቦ አታስብ! ፈታ በል!»

አለቀ። ስልኩ ሲዘጋ ያወራንበትን ጊዜ አየሁት፤ 48 ሰከንድ። በ48 ሰከንድ ሰላም ተባብለናል፣ ችግሬን አስረድቻለሁ፣ ምርመራ ተደርጎልኛል፣ መድኃኒት ታዞልኛል፣ ተሰነባብተናል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሄጄ ቢሆን በ48 ሰከንድ ወንበሩን እንኳ ስቤ አልጨርስም ነበር።

እናም ይህን ምስጋና ለእሱና ለመሰሎቹ ጻፍኩ። በየቢሮው፣ በየኮሪደሩ፣ በየስልኩ ጫፍ ማንም ሳይሾማችሁ ሰው ስታክሙ ለምትውሉት። የጨነቀው ሰው አፉን ሳይከፍት መፍትሔውን ለምታቀርቡት። ውለታችሁ ያለ ምስጋና መቅረት የለበትም።

መጀመሪያ ቃሉን ራሱን እናድንቅ። አማርኛችን ማሰብንና መጨነቅን በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው። «ሐሳብ ገብቶኛል» ያለ ሰው ፈላስፋ ሆኛለሁ ማለቱ አይደለም። «ሐሳብ ጨረሰው» የተባለውም ሐሳብ ያለቀበት ሰው አይደለም፤ ያለቀው እሱ ነው። ስለዚህ «አታስብ» ስትሉን ጭንቀቱንም ተው፣ ማሰቡንም ተው ማለታችሁ ነው። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን ሳንቸገር እንታዘዛለን። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው።

የሚያስቸግር መሆኑን ያወሩብን ደግሞ ተመራማሪዎች ናቸው። ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ጥናት አሳተመ። ተማሪዎችን እያስቀመጠ፣ ለ5 ደቂቃ በአእምሯችሁ የመጣውን ሁሉ እየተናገራችሁ ቆዩ፣ ነጭ ድብ ግን እንዳታስቡ አላቸው። ድቡ ብቅ ካለ ደወሉን ምቱ። ደወሉ እረፍት አጣ። የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «በሉ አሁን ስለ ድቡ አስቡ» ሲባሉ፣ ከመነሻው አስቡ ከተባሉት ተማሪዎች ይልቅ ድቡ የተመላለሰባቸው እነዚህ «አታስቡ» ተብለው የነበሩት ናቸው።

ልብ በሉ፣ ተማሪዎቹ ከነጭ ድብ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። ድቡ ከሥራ አላባረራቸውም። የምርመራ ውጤታቸውን ይዞ አልጠፋም። እዳ የለባቸውም። እንዲያም ሆኖ 5 ደቂቃ አቃታቸው። እርግጥ ጥፋቱ የዌግነር ነው። ሲያዛቸው «አቦ» ማለቱን ረስቷል። ትከሻቸውንም መታ መታ አላደረገም።

ከ«አታስብ» ባዮች ቀጥሎ ምስጋና የሚገባቸው «ቻለው» ባዮች ናቸው። «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ፣ ፊትሽ ላይ እንዳይታይ!» የሚሉት። እነዚህ ደግሞ ለአካባቢ ውበት የሚሠሩ ናቸው። የተጨነቀ ፊት ቢሮ ውስጥ ሲታይ ደስ አይልም። የበጀት ስብሰባውን ያጨልማል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ኤሚሊ በትለር የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ የማይተዋወቁ ሴቶችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አንድ የሚረብሽ ፊልም አሳዩአቸው። ከዚያ ስለ ፊልሙ ተወያዩ አሏቸው። ከአንዳንዶቹ ጥንዶች አንደኛዋን ብቻ ለብቻዋ፣ ስሜትሽን ደብቂ ብለዋታል። ሌላዋ ይህን አታውቅም። ውይይቱ ሲለካ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የምታዋራት፣ ምንም የማታውቀው ሴት የደም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። እንግዲህ ጭንቀትን መካፈል ማለት ይህ ነው! ችግሬን አልነገርኩህም፣ እንባዬን አላየህም፣ ግፊትህን ግን ከፍ አድርጌልሃለሁ። «ቻለው» ባዮች ባይኖሩ ይህ መተሳሰብ ከየት ይመጣ ነበር?

አሁን ወደምወዳቸው ልምጣ። «የኔን ብትሰማ» ባዮች።

የዚያኑ ዕለት፣ ከ48 ሰከንዱ ሕክምና በኋላ፣ ቢሮ ገብቼ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ሌሊት አለመተኛቴን አወራሁት። ሰውየው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን አጣጠፈ። «ሊያደምጠኝ ነው» ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ሦስት ሌሊት?» አለ ፈገግ ብሎ። «እኔ መተኛት ካቆምኩ ስድስት ወሬ ነው።»

ጨረታው ተከፈተ። እኔ ሦስት ሌሊት አቀረብኩ፣ እሱ ስድስት ወር። ራስ ምታት ጨመርኩ፣ ጨጓራ ጨመረ። ጨጓራም አለኝ ልል ስል የአጎቱን የልብ ሕመም ይዞ መጣ። በአጎት ላይ ምን ይጨመራል? ተሸነፍኩ። በመጨረሻ እኔው ነኝ ትከሻውን ይዤ «አይዞህ» እያልኩ ከክፍሉ የወጣሁት። ችግሬን እንደያዝኩ ነው፤ ግን ትንሽ መሆኑ በማስረጃ ተረጋግጦልኛል።

ይህን ጥበብ ሳይ ሄንሪ ታጅፌል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትዝ ይለኛል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል አካባቢ ያሉ የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን ለሁለት ከፈላቸው። የመክፈያው ሰበብ አስቂኝ ነው። እናንተ የፖል ክሌን ሥዕል ትወዳላችሁ፣ እናንተ ደግሞ የካንዲንስኪን ተባሉ። በቡድኑ ውስጥ ማን እንዳለ አያውቁም። ጠብም ዝምድናም የለም። ከዚያ ለሌሎች ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ለራሳቸው ቡድን አደሉ። ያ አይገርምም። የሚገርመው፣ የራሳቸው ቡድን የሚያገኘው ገንዘብ ቢቀንስ እንኳ ከሌላው ቡድን መብለጡን ይመርጡ ነበር። ጥቅሙ ይቅር፣ ልዩነቱ ይስፋ!

የኛም ነገር እንደዚያው ነው። ጠንካሮችና ደካሞች የሚባሉ ሁለት ቡድኖች አሉ። ማን እንደከፈላቸው አይታወቅም። እኔ «ከበደኝ» ስል ደካሞቹ ጋ ተመደብኩ። ባልደረባዬ ያን ጊዜ እኔን ቢሰማኝ የእሱም ሸክም ቀለል ይል ይሆናል። ግን ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ስድስት ወሩን አወጣው። ለቡድኑ የተከፈለ መሥዋዕትነት ነውና ባርኔጣዬን ነካ አድርጌያለሁ። ባርኔጣ ባይኖረኝም።

«ዝም ብሎ ሐሳብ የፈጠረው ነው» ባዮችንም መርሳት ነውር ነው። እነዚህ የተማሩ ናቸው። ጭንቀት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ነገር መሆኑን ያውቃሉ። ይህን ያልሰማችው ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር ናት። በ1995 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና የማያስታምሙ፣ በዕድሜ የሚመስሏቸው 13 ሴቶችን አመጡ። የሁሉም ክንድ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ቁስል አበጁ። ቁስሉ እኩል ነው። የአስታማሚዎቹ ግን ለመዳን ከሌሎቹ 9 ቀን ገደማ ዘገየ። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ነገር እስከ ክንድ ድረስ ወርዶ ቆዳ እንዳይገጥም ማድረጉ ያስገርማል። ቆዳው ቢመከር ኖሮ እኮ ይሰማ ነበር። «ዝም ብሎ ሐሳብ ነው፣ ግጠም!»

ስለ ፎቶ አንሺዎቹ ብዙ አልልም። የታመመ ጠይቀው፣ አልጋው አጠገብ ሁለት ጣት ቀስረው፣ «ሁሌም ከጎንህ ነኝ» ብለው የሚለጥፉትን ማለቴ ነው። ናየል ቦልገርና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለጥብቅና ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችንና የትዳር ወይም የፍቅር አጋሮቻቸውን በየቀኑ ማስታወሻ አስያዟቸው። የተፈታኙን ጭንቀት ቀነስ ያደረገው ድጋፍ፣ አጋሩ ሰጠሁ ብሎ የጻፈው፣ ተፈታኙ ግን ልብ ያላለው ነው። ልብ ያለውማ ጭራሽ ከበደው። እንዴት ያለ ምስጋና ቢስነት ነው! የማይታይ ድጋፍ እንዴት ይለጠፋል? ማንስ «ላይክ» ያደርገዋል?

አንድ ቁጥር ጨምሬ ልለፍ። ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ሁለት ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. 148 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። 308,849 ሰዎች ናቸው። በአማካይ ለ7 ዓመት ተኩል ተከታትለዋቸዋል። ከሰው ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው፣ ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ በልጦ ተገኘ። 7 ዓመት ተኩል! ጓደኛዬ ዘንድ መጥተው ቢሆን በ48 ሰከንድ ይጨርሱ ነበር።

እስካሁን ያመሰገንኩት ብቻ ነው። ለሚዛን ያህል አንድ ሰው ልውቀስ።

ባለፈው የአንዲት የሥራ ባልደረባችን እናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ አታየውም። እኛ ተራ በተራ መጣን። የመጀመሪያው «አታስቢ» አላት። ሁለተኛዋ «ቻይው እንጂ፣ እናትሽ እንዲህ ሆነሽ እንዳያዩሽ» አለቻት። ሦስተኛው ስለ ራሱ ቀዶ ሕክምና አወራ፤ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ጠባሳውን አሳየን። ረጅም ጠባሳ ነው። ሁላችንም አደነቅን። እሷ ለእያንዳንዱ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። ግሩም የቡድን ሥራ ነበር።

አጠገቧ አንዲት የማናውቃቸው እናት ተቀምጠዋል። እሳቸውም ሰው ገብቶባቸዋል። ስታንሊ ሻክተር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይጠብቃችኋል ተብለው የፈሩ ተማሪዎች ብቻቸውን ከመጠበቅ ከሰው ጋር መጠበቅን መርጠው ነበር፤ ያውም ከማንም ጋር ሳይሆን ያንኑ ንዝረት ከሚጠብቁት ጋር። እኚህ ሴት ይህን ያነበቡ አይመስለኝም። ምንም ዝግጅት የላቸውም።

«ማንሽ ናቸው፣ ልጄ?» አሉ።

«እናቴ።»

«የኔ ባለቤቴ ነው።»

ይኸው ነው ያሉት። ምክር የለ፣ ጥቅስ የለ፣ ጠባሳ የለ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ስልኳን በያዘው እጇ ላይ አኖሩ። ጀምስ ኮአን የሚባል ተመራማሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር 16 ባለትዳር ሴቶችን ንዝረት እየጠበቁ አእምሯቸውን በምስል ሲመረምር፣ የባላቸውን እጅ ሲይዙ ለስጋት የሚነቃቃው የአእምሮ ክፍል ረገብ ብሎ አግኝቶታል። የማያውቁት ሰው እጅም፣ የባልን ባያህል፣ አስተዋጽኦ ነበረው። ግን እጅ መያዝ ምን ሙያ ይጠይቃል? ማንም ያደርገዋል። እኛ ሦስት ሰዎች ሥራ አስፈቅደን መጥተን!

ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀመጡ። ከዚያ ባልደረባችን ማውራት ጀመረች። እናቷ ትናንት ማታ ምን እንዳሏት። የማደንዘዣውን ወረቀት ስትፈርም እጇ እንደተንቀጠቀጠ። ሴትየዋ «እህ» ይላሉ፤ ሌላ ነገር አይሉም። ወሬው ረዘመ። «ባይነቁስ?» አለች ድንገት። ሴትየዋ ዝም አሉ። እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙ። አላስተባበሉ፣ አላረጋጉ! ይህን ያህል ክፍት ቦታ ተሰጥቶት ምክር የማያወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔ አላስቻለኝም። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ጎንበስ አልኩና «አይዞሽ፣ አታስቢ» አልኳት።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረች፤ ያቋረጥኩትን ወሬ ካቆመችበት ቀጠለች።