ምስጋና ለንስሩ አሠልጣኝ

እኔ የምለው፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» እያሉ ስለ አራዊት የሚለጥፉልን ሰዎች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ጫካ ሳይገቡ፣ ጭቃ ሳይረግጡ፣ አንዲት ትንኝ እንኳ ሳትነድፋቸው የአንበሳን የልብ ሐሳብ ያውቃሉ። አንድ ፎቶ፣ ሦስት ቃለ አጋኖ፣ «ለ10 ሰው ይላኩ»። አለቀ።

ከሁሉም በላይ ግን ንስሩን ለሰጡን ምስጋናዬ ወደር የለውም። በቀደም መሥሪያ ቤታችን ሥልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። አሠልጣኙ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ማይኩን ጨብጦ፣ ስክሪኑ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር አወጣ።

«ንስር 40 ዓመት ሲሞላው መንቆሩ ይቆለመማል። ጥፍሩ ይዶለዱማል። ያኔ ተራራ ላይ ወጥቶ መንቆሩን ከድንጋይ እያጋጨ ይሰብራል። አዲስ ሲበቅልለት ጥፍሩን ይነቅላል፤ ከዚያ ላባውን። ከ150 ቀን በኋላ እንደገና ተወልዶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የፋይናንሷ ልጅ ዓይኗን ጠረገች።

ከኋላ የተቀመጠው ሾፌራችን እጁን አወጣ። «መንቆር ከሌለው 150 ቀን ሙሉ ምን ይበላል?»

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «አየህ ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ ራሱ አሉታዊ አስተሳሰብ ነው።»

ወይ መልስ! እውነትም ሾፌሩ አበዛው። መንቆሩ የተሰበረ ንስር ሥጋ መቦጨቅ ስለማይችል በረሃብ ይሞታል። ላባውም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየረገፈ ይተካል፤ ነቃይ አያሻውም። ዱር ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ንስር 40 ዓመት አይሞላውም። ይሁን፤ ግን በዚህ ማን ያጨበጭባል? ሻይ ሰዓት ላይ ሁላችንም ንስር ሆነን ሳምቡሳው ላይ ወረድንበት።

ሰጎንም አለች፤ ስትፈራ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች የተባለችው። ምስኪን፣ መሬት ላይ የጣለችውን እንቁላል ለማገላበጥ ጎንበስ ባለች ስሟ በከንቱ ጠፋ።

ሌላው የማደንቅላቸው ነገር ጨዋነታቸው ነው። የአገር ቤት አውሬ አይነኩም። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ የጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ይግጣሉ እንጂ አይሸሹትም፤ እሱም ልጆቻቸውን ብዙውን ጊዜ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ አንዱ ነው የሚሳካለት። ጭላዳ መሃል ሲሆን ግን ከ3 ሁለቱ። በ2024 ደግሞ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የአበባ ማር ሲልሱ መታየታቸው ተጻፈ። አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫው የአበባ ብናኝ ለብሶ ይመለሳል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ራሱ ከ500 አይበልጥም። ደግነቱ መንቆር ስለሌለው ማንም አልለጠፈውም።

ሳት ብሎኝ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እኔው ለጠፍኩት። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ወዲያው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ቀበሮ አበባ አይልስም። ኢንተርኔት ላይ ያየኸውን ሁሉ ሳታጣራ አትለጥፍ።»

ከሥሩ የንስሩን ቪዲዮ ላኩ። 27 ሰው ልብ ሰጣቸው። እኔም ሰጠሁ።