ኳስ በሌላችሁበት 87 ደቂቃ ምን ትሠራላችሁ?

ወገኖቻችን፣ ነገሩን በሒሳብ እንጀምረው። የእግር ኳስ ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው። ኳስ ከሜዳ የወጣችበት፣ ጥፋት የተነፋበት፣ ተጎዳሁ ብሎ የተኛው ሰው እስኪነሣ የሚጠበቅበት ሁሉ ሲቀነስ ኳሷ በትክክል የምትንከባለለው 55 ወይም 60 ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ለ22 ተጫዋች አካፍሉት። ለአንዱ 3 ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ ያውም ኳሷ ከሰው ወደ ሰው ስትሄድ በመንገድ የምታጠፋው ጊዜ ሳይቀነስ። የቀረው 87 ደቂቃ ተጫዋቹ ያለ ኳስ የሚኖርበት ነው። እናንተ ግን ልጅ የምታሞግሱት፣ አለቃ የምትመርጡት፣ ባልደረባ የምትመዝኑት በሦስቷ ደቂቃ ነው።

የምንቆጣችሁ በዚህ ነው። ሁላችሁም "ስጠኝ፣ ስጠኝ" ትላላችሁ፤ ከሰጣችሁ በኋላ የሚሮጠውን ሩጫ ግን ማንም አይፈልገውም። ስብሰባ ላይ ማይክ እስኪደርሰው የሚቁነጠነጥ፣ ተናግሮ ሲጨርስ ደግሞ አንገቱን ስልኩ ላይ የሚደፋ ሰው ታውቃላችሁ። ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ጀማሪ ሕፃናት ሲጫወቱ ኳሷ ወደ ሄደችበት ሁሉም እንደ ንብ መንጋ ይተማሉ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያልን ያደግን ሰዎች ተረቱን በግማሽ የያዝነው ይመስለናል (ባለ ተረቶቹ ይቅር ይበሉን)። ክር አንድ ቦታ ሲከመር ልቃቂት ነው፤ ድር የሚሆነው ተራርቆ ሲወጠር ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ከበረኛው በቀር ላሉት 10 ተጫዋቾች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 714 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ያንን ባዶ ትቶ ከኳሷ ዘንድ የተገኘ ሰው የሠራ ይመስለዋል፤ ላቡም ይመሰክርለታል። ቡድኑ ግን በእርሱ በኩል ተከፍቷል።

አንድ ነገር በቅርብ እንይ። አጥቂ ኳስ ይዞ እየመጣ ነው፤ ሁለት ተከላካዮች አሉ። የመጀመሪያው ሥራው መንጠቅ ሳይሆን ማዘግየት ነው። በፍጥነት ይጠጋል፤ ሁለት ሜትር ሲቀረው እርምጃውን ያሳጥራል፤ ጉልበቱን አጠፍ፣ ትከሻውን ሰያፍ አድርጎ አጥቂውን ወደ ጠርዝ ይሸኘዋል። ዓይኑን ኳሷ ላይ ነው የሚተክለው፤ የአጥቂው ወገብና ትከሻ ይዋሻል። እግሩን ከፍቶ ፊት ለፊት ከቆመ ኳሷ በእግሮቹ መሐል ታልፋለች። ተወርውሮ ከገባ በአንድ አብዶ ይቀራል። ሁለተኛው ከኋላው በሰያፍ፣ ከ5 እስከ 8 ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል፤ አፉም አይዘጋም፦ "ወደ ውጪ!" "ቆይ!" "አለሁ!" ይላል። በጣም ከተጠጋ ያችው አንዷ አብዶ ሁለቱንም ትጥላለች፤ ከራቀ ደርሶ አይሸፍንም። ጎን ለጎን በአንድ መስመር ከቆሙ ደግሞ በመሐላቸው የምታልፍ አንዲት ኳስ ሁለቱንም ከጨዋታ ታወጣለች። በመጨረሻ ኳሷን የሚነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ጭብጨባውም ለእርሱ ይሄዳል። አራት ሰከንድ አዘግይቶ ያመቻቸለትን የመጀመሪያውን ስሙን የሚጠራው የለም።

እናንተ እዚህ ላይ በሁለት መንገድ ታጠፋላችሁ። አንድ ሰው ችግር ሊጋፈጥ ሲወጣ ወይ ሁላችሁም ትግተለተሉና ከኋላ የሚሸፍን ይጠፋል፣ ወይ "የእርሱ ሥራ ነው" ብላችሁ ትቆማላችሁ። ከታለፈ በኋላ "እኔ ብሆን ኖሮ" ትላላችሁ። የመጀመሪያው የልጅ ጥፋት ነው፤ ልምምድ ያርመዋል። ሁለተኛው ግን የክፋት ታናሽ ወንድም ነው። "አለሁ!" ለማለት የሚያስፈልገው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እሱንም ትቆጥባላችሁ።

ኳስ አሰጣጣችሁም ያሳዝናል። ጥሩ ቅብብል ሦስት ነገር ያሟላል፦ ከጠባቂው ለራቀው እግር ይደርሳል፣ ፍጥነቱ ተቀባዩ በአንድ ንክኪ የሚያበርደው ነው፣ ተቀባዩም ቀና ባለበት ጊዜ ይላካል። ኳሷ በዝግታ ሄዳ ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር እኩል ከደረሰች ቁርጭምጭሚቱ የሚመታው ተቀባዩ ነው፤ የሚወቀሰውም እርሱ ነው። ላኪው እጁን ዘርግቶ "ሰጥቼሃለሁ እኮ!" ይላል። ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛችሁ ላይ ያስተኛችሁትን ፋይል ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ለባልደረባችሁ የምትወረውሩ ሰዎች፣ እጃችሁን የምትዘረጉት ልክ እንደዚያ ነው። መስጠት ብቻውን ቅብብል አይደለም።

ያለ ኳስ መጫወት ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2018 ቤልጅየምና ጃፓን ሮስቶቭ ላይ ያደረጉትን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ መጨረሻ ይመልከት። ጃፓን በ52ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 ትመራ ነበር። በ65ኛው ደቂቃ የቤልጅየሞቹ ፌላይኒና ሻድሊ ከወንበር ተነሥተው ገቡ። ቬርቶንገን በቴስታ አንዱን መለሰ፤ ፌላይኒም በቴስታ አቻ አደረገ። የባከነው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ጃፓን ኮርነር አገኘች። በረኛው ኩርቱዋ ኳሷን ከአየር ላይ ያዘና ወዲያው ለደ ብሩይነ አንከባለለለት። ደ ብሩይነ የመሐል ሜዳውን ሰንጥቆ በቀኝ ለሚሮጠው ሙኒዬ አቀበለ፤ ሙኒዬ በመሬት ወደ መሐል ላካት። እዚያ የነበረው ሉካኩ ነው፤ የቡድኑ ትልቁ አጥቂ፣ ከጎሉ ፊት ለፊት። አልነካትም። በእግሩ ሥር አሳለፋት፤ ከበስተጀርባው ሻድሊ ብቻውን ደርሶ አገባት። 3 ለ 2። ከበረኛው እጅ እስከ መረቡ 15 ሰከንድ አልፈጀም።

ሉካኩ ኳስ ሳይነካ ሁለት ሥራ ሠርቷል። አስቀድሞ ሩጫውን ወደ መሐል በማድረግ የጃፓንን የግራ ተከላካይ ይዞት ገባ፤ ሙኒዬ መስመሩን ባዶ ያገኘው በዚህ ነው። ቀጥሎ ኳሷን ተወ። በዚያ ጎል መዝገብ ላይ አግቢው ሻድሊ፣ አቀባዩ ሙኒዬ ተብሎ ተጽፏል፤ የሉካኩ ስም የለም። ስንቶቻችሁ ኳሷን ትተዉለት ነበር? ፎቶው ላይ ለመታየት ብቻ ሪባን የምትቆርጡ፣ ሌላው የጨረሰውን ሥራ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጣታችሁን አስነክታችሁ የምታጨናግፉ፣ መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

የጃፓንንም ጥፋት አንለፈው። ለኮርነር ሰው ስትልኩ ከኋላ የምታስቀሩት የተቃራኒን አጥቂዎች ቁጥር ሲደመር አንድ ነው፤ ሌላ አንድ ሰው ደግሞ በረኛው መጀመሪያ የሚሰጠውን ተጫዋች ለማዘግየት ይመደባል። በረኛውን ራሱን መከልከል ሕጉ አይፈቅድም። ተመድበው ከነበረ አልደረሱም፤ ካልነበረ ደግሞ 2 ለ 2 በሆነ ሰዓት ስግብግብነት ነበር። ያም ሆኖ ያ ቡድን እንደዚያ ተሸንፎ መልበሻ ክፍሉን አጽድቶ፣ በሩሲያኛ "አመሰግናለሁ" የሚል ወረቀት ትቶ ነው የወጣው። እናንተ ስትሸነፉ የምትተዉት ምን እንደሆነ ጽዳት ሠራተኞችን መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ጩኸታችሁ። ዳኛው ሲነፋ ስድስት ሰው ከብቦት ጣቱን ይቀስራል። ሕጉ ግን ቅጣት ምት ፊሽካ ሳይጠበቅ በፍጥነት እንዲመታ ይፈቅዳል፤ መቺው 9.15 ሜትር ይራቁልኝ ብሎ ካልጠየቀ በቀር ማንንም አይጠብቅም። እናም ስድስቱ ሲሟገቱ ኳሷ ተመትታ ሄዳለች፤ ከበረኛው በቀር ለመከላከል የቀሩት አራት ናቸው። ያች ጎል የዳኛው አይደለችም። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ዳኛን ቀርቦ ማነጋገር ለአምበሉ ብቻ ተፈቀደ፤ አምበሉ በረኛ ከሆነ ሌላ አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰየማል። ሌላው ከቀረበ ቢጫ ካርድ ያያል። እናንተ ኮሚቴ መርጣችሁ፣ ተወካይ ሰይማችሁ ስታበቁ በጉዳዩ ቀን ሁላችሁም በር ላይ ትጮኻላችሁ፤ የመረጣችሁትም ሰው ከመሐላችሁ ቃል የሚያወጣበት ፋታ ያጣል።

ተቀያሪን በተመለከተ አጭር ቃል አለን። አስተዋይ አሰልጣኝ ኮርነር እየተከላከለ ሰው አይቀይርም፤ አዲስ የገባው ማንን እንደሚይዝ ሳያውቅ ኳሷ ትመጣለችና። የግድ ከሆነም ከመግባቱ በፊት የሚይዘውን ሰው ቁጥር ይነግረዋል። አዲስ ሠራተኛን እሳት መሐል ጥላችሁ በማግስቱ "አይረባም" የምትሉ ሰዎች ያንን ቁጥር ነግራችሁት ነበር ወይ?

ጎል ሲገባም ሁላችሁ በረኛው ላይ ትዘምታላችሁ። 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት ያለውን በር አንድ ሰው ብቻውን ዘግቶ አያውቅም። ቪዲዮውን ከአምስት ቅብብል በፊት ጀምሩት። ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከጎሉ 40 ሰከንድ ቀድሞ፣ በአንዲት ተራ የእጅ ውርወራ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ካልሲውን ሲስብ የነበረ አማካይ ጋ ነው። ካሜራው እንኳ በዳር በኩል ብቻ ነው የሚያሳየው። እርሱም በረኛውን ከሚሰድቡት አንዱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሷን ተዉና አንድ ተጫዋች ምረጡ። አምስት ደቂቃ ዓይናችሁን ከእርሱ አትንቀሉ፤ ጎል ቢገባ እንኳ አትዙሩ። ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ ቡድኑ ኳስ ሲያጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት እርምጃዎች ወዴት እንደሄደ፤ ኳስ ሳይመጣለት ስንት ጊዜ አንገቱን አዙሮ ከኋላው እንዳየ፤ ለጓደኛው ስንት ጊዜ ድምፅ እንዳሰማ። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ስትደርሱ አውጡና በጀርባው እነዚያኑ ሦስት ነገሮች ስለ ራሳችሁ ቁጠሩ።