ንቅንቅ ያላለችው ቫልቭ
አንጀቴ አረረ! ሦስተኛ ቅዳሜዬ ነው፤ ይህች የአሮጌዋ መኪናዬ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሥራዋ እኮ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተዘግታ ትኩሱን ጭስ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሥር ትልካለች፤ ሲሞቅ ሞላዋ ይላላና ትከፈታለች። የእኔዋ እንደተዘጋች ቀረች። መኪናዋ ዳገት ላይ ትታፈናለች፤ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይፈላል።

ዝገት ማላቀቂያ ቀብቼ አሳደርኩ። ዘንጓን በትንሽ መዶሻ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያልኩ መታሁ። ቀይ የዝገት ዱቄት ረገፈ፤ በቃ። በጣም ያናደደኝ ደግሞ ከእኔ በፊት የነካት ሰው በተራ ዘይት መለቅለቁ ነው። ተራ ዘይት እዚያ ሙቀት ላይ ያርራል፤ ከስሎ ይጣበቃል። ግራፋይት ያለው ቅባት ነበር የሚያስፈልጋት። በየጊዜው ጠብ ማድረግ ይህን ያህል ይከብዳል? ፈትቼ እንዳላወጣት የማኒፎልዱ፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቧንቧ፣ ብሎኖች ከተበጠሱ ሌላ ጣጣ ነው። ዛሬም ቀብቻት ገባሁ።