ውዳሴ ዘ«ከነገ ጀምሮ»

በባሕር ዳር ምስጋና የሚገባቸው ነገሮች ሁሉ ምስጋናቸውን አግኝተዋል። ዘንባባዎቹ ተመስግነዋል፣ የጣና ዓሣ ተመስግኗል፣ የዘጌ ቡናም አመስጋኝ አጥቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ ተረስታ የቆየችው አንዲት ሐረግ ናት፤ እርሷም «ከነገ ጀምሮ» ትባላለች። ይህች ሐረግ ብዙውን ጊዜ እሑድ ማታ፣ ሠራተኛው ለሰኞ የሚለብሰውን ሸሚዝ ሲተኩስ፣ በስልክ ወይም በቴሌግራም ትመጣለች። ደብዳቤ አትሻም፣ ማኅተም አትሻም፣ የሰሚውንም ፈቃድ አትጠይቅም። በሁለት ቃል ብቻ የሰውን ሙያ፣ መኖሪያ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትና የዕቁቡን ቀን በአንድ ሌሊት ትለዋውጣለች።

የማውቃት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከሐይቁ ዳር በሚገኝ የመስተንግዶ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግላለች። አንድ እሑድ ማታ ባለቤቱ ደወሉና «እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ ጎርጎራ ነሽ፤ ማዶ ነው እኮ» አሏት። «ማዶ» የምትለዋ ቃል ያለ ምክንያት አልገባችም። ከጣና ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ዓለም ሁሉ ማዶ ነው፤ የውኃው ጥልቀትም ከ14 ሜትር ገደማ ስለማይበልጥ ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገረው ሊመስለው ይችላል። በየብስ የሚሄድ መንገደኛ ግን በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአዘዞ ታጥፎም ጀርባውን ሰጥቶት ወደ መጣው ሐይቅ እንደገና ይወርዳል። ባለቤቱ ርቀትን የሚለኩት በዓይናቸው ነውና ይህ ሁሉ ዙሪያ አይታያቸውም። «ጋሼ፣ ልጆቼስ?» ብላ ብትጠይቃቸው «እነሱም አየር ይለውጣሉ» ብለው በአባትነት መለሱላት። ደመወዟን ስላልቀነሱባት ደግሞ ምስጋና ጠብቀው ነበር ይባላል።

የዚህን ጥበብ ውበት የሚያደበዝዝ አንድ ወረቀት በአገራችን መኖሩን መደበቅ አይቻልም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። አዋጁ በአንቀጽ 4 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠን፣ አከፋፈሉንና ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ እንዲገልጽ ያዝዛል፤ ቦታ የውል ጉዳይ ነው ማለቱ ነው። በአንቀጽ 15 ደግሞ በአዋጁ ያልተወሰኑ የውሉ ሁኔታዎች የሚሻሻሉባቸውን ሦስት በሮች ይከፍታል፤ እነርሱም የኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት የወጣ የሥራ ደንብና የሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ናቸው። ሕግ አውጪው «ባለቤቱ እሑድ ማታ ሲታያቸው» የሚለውን አራተኛ በር ለምን እንደዘነጋው ለማስረዳት ይከብዳል። ሠራተኛው ትእዛዝ የመፈጸም ግዴታ አለበት የሚለውን እንኳ ሳያበላሽ አላለፈውም፤ ትእዛዙ በውሉና በሥራ ደንቡ ላይ የተመሠረተ ይሁን የሚል ማሰሪያ አስሮበታል። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነም አሠሪው ፍሬ ነገሩን ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉትን የእኛ አሠሪዎች በሚገባ አጥንተውታል፤ ባለመጻፋቸው የሚረሳው ምን እንደሆነ ያውቃሉና።

ከጥበቦቹ ሁሉ የበላይ የሆነችውን ግን ገና አላነሣኋትም። በሥራ መዘርዝር መጨረሻ፣ ዐሥር ያህል ተግባራት ከተቆጠሩ በኋላ፣ «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተመሳሳይ ሥራዎች ያከናውናል» የምትል መስመር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከእርሷ በላይ ያሉት መስመሮች ጌጥ ናቸው፤ ሥራውን የምትሠራው እርሷ ናት። «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሰው በዚያው ድርጅት የጥበቃ ሠራተኛ ሆነው የተቀጠሩትን አባት ይመልከት። በመጀመሪያው ወር በር ጠበቁ። ከዚያ አትክልት ውኃ ማጠጣት ከጥበቃ ጋር እንደሚመሳሰል ተነገራቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ደጅ ቆመው ነውና። ቀጥሎ የእንግዳ ሻንጣ መሸከም መጣ፤ ሻንጣም እንደ በር የሚጠበቅ ነገር ነው ተባለ። እምቦጭ የድርጅቱን የጀልባ ማቆሚያ በሸፈነው ጊዜ ደግሞ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን እንዲነቅሉ ታዘዙ፤ ምክንያቱም እምቦጭ ያለ ፈቃድ ወደ ግቢ የሚገባ እንግዳ ሲሆን ያለ ፈቃድ የሚገባውን መከልከል የጥበቃ ሥራ ነው። እኔ እንዲህ ያለ የሕግ ትርጉም በየትኛውም ችሎት ሰምቼ አላውቅም። ሠራተኛው በሌሊት ፈረቃ በራቸው ላይ ሲያንቀላፉ የተገኙ ዕለት ግን የመጀመሪያው መስመር በድንገት ታወሰና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። መዘርዝሩ ሲያሠራ ሰፊ፣ ሲቀጣ ጠባብ ሆኖ ተሰፍቷል፤ የሰፊው ሙያ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ጠንቃቃ አሠሪዎች ይህን ሁሉ ድራማ ያለ ርኅራኄ ይገድሉታል። ከመነሻው በውሉ ውስጥ «በድርጅቱ በማናቸውም ቅርንጫፍ ተዛውሮ ለመሥራት ተስማምቷል» ብለው ይጽፉና ያስፈርማሉ፤ ሠራተኛውም ደመወዙ የተጻፈበትን መስመር ብቻ አንብቦ ይፈርማል። እንዲህ የፈረመ ሰው በኋላ ቦታዬ ተለወጠ ብሎ ቢከራከር ክርክሩ ከራሱ ፊርማ ጋር ይሆናል። እነዚህ አሠሪዎች ሕጉን የተከተሉ ስለሆኑ በዚህ ውዳሴ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ሹመትም ከዚህ ጥበብ ወገን ነው። ለረጅም ጊዜ ያገለገለ አንድ አስተናጋጅ ከነገ ጀምሮ «የመስተንግዶ ዘርፍ ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ ይሾማል፤ ደመወዙ ባለበት ይቆማል፣ ትሪውም ከእጁ አይወርድም፣ የተጨመረለት ከረቫት ብቻ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የጠየቀ ዕለት አዋጁ የሥራ መሪን እንደማይመለከት በትሕትና ይነገረዋል። አዋጁ የሥራ መሪ የሚለው የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠውን ሰው መሆኑ፣ ተሿሚው ደግሞ አንዲት ወንበር እንኳ ሳያስፈቅድ ማዛወር የማይችል መሆኑ በከረቫቱ ተሸፍኖ ያልፋል። የመንግሥት ሠራተኛው በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር የእርሱን ድልድልና ዝውውር ለሌላ ቀን አቆይቼለታለሁ፤ እርሱም የሚነግረኝ አያጣም።

ውዳሴው ለአሠሪዎች ብቻ ቢሆን ግን አድልዎ ይሆናል። ያለ እኛ ያለ ሠራተኞቹ ትብብር «ከነገ ጀምሮ» አንድ ሳምንት አትቆይም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤው ሲደርሳት «ደብዳቤው ደርሶኛል፤ በዝውውሩ ግን አልተስማማሁም» ብላ ቀን ጽፋ ልትፈርም ትችል ነበር። እርሷ «ተቀብያለሁ» ብላ ፈረመች፤ አለቃን ላለማስቀየም። ቤተ ዘመዱም «ጎንበስ ብለሽ እለፊ» አላት፤ እኛ ጎንበስ ብሎ በማለፍ የታወቅን ሰዎች ስለሆንን ቀና ብሎ የሚያልፍ ሰው ሲያጋጥመን አንገቱን ያመመው ይመስለናል። ከሥራ ባልደረቦቿ አንዱ ደግሞ አኩርፋ ቤቷ እንድትቀመጥ መከራት፤ ይህ ምክር ለአሠሪው የሚሰጥ ስጦታ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ስለ መቅረቱ በጽሑፍ እየተነገረው በድምሩ 5 የሥራ ቀናት የቀረ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላልና ባለቤቱ ምክንያት ፍለጋ ከመድከም ይድኑ ነበር።

አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ሕጉ እኮ ድርጅት ሲዛወር አልሄድም ያለ ይሰናበት ይላል» ብሎ አስፈራራት። ይላል፤ አንቀጽ 28 ነው። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ድርጅቱ ራሱ ወደ ሌላ ስፍራ ስለመዛወሩ ሲሆን፣ የእርሷ ድርጅት ግን ዛሬም ሐይቁ ዳር በቦታው ተቀምጦ ዓሣ ይጠብሳል፤ የተዛወረችው እርሷ ብቻ ናት። በዚያ ላይ ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ቢሄድ እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁለት ወር ነው። የእርሷ ከእሑድ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ነበር።

«ተቀብያለሁ» ብላ ብትፈርምም በኋላ አልሄድም አለች፤ በመጨረሻ የስንብት ደብዳቤ ሲደርሳት ጉዳዩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሽምግልናችንን የሚያማ አንደበት ይዘጋ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ለቅሶ ነበረባቸው፣ ሁለተኛው ጾሙ እስኪፈታ እንቆይ አሉ፣ ሦስተኛው የባለቤቱ የክርስትና አባት ሆነው ተገኙ። ሁሉም «ክስ ምን ያደርጋል፣ ነገር ያባብሳል» በሚለው ተስማሙ። ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ለዚህም ክስ ሠራተኛው የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ሽምግልናው በሰላምና በፍቅር፣ በመልካም ቡናም ታጅቦ፣ በአራተኛው ወር ተጠናቀቀ። ባለቤቱ ይቅርታ አደረጉላት፤ ምን አጥፍታ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሰሞኑን ታዲያ ያ ድርጅት ያለበትን ሕንፃ ያከራዩት ሰው ለባለቤቱ እሑድ ማታ ደውለው ነበር። የሐይቁን ፊት ለፊት ለሌላ ተከራይ ስለፈለጉት ከነገ ጀምሮ ወደ ጓሮው ክፍል እንዲዛወሩላቸው፣ ኪራዩ እንደማይጨምርና ጓሮውም ያው አንድ ግቢ መሆኑን በአክብሮት ነገሯቸው። ባለቤቱ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ይላሉ። በነጋታው በላስቲክ ተጠቅልሎ የኖረውን የኪራይ ውላቸውን ከካዝና አውጥተው «ቦታው በውል ተጽፏል! ያለ እኔ ፈቃድ አንድ ፊደል የሚለውጥ ማን ነው?» እያሉ በግቢው ሲንጎራደዱ ዋሉ። ከዚያም የጥበቃ ሠራተኛውን ከእምቦጩ መካከል አስጠርተው ውሉን በሦስት ቅጂ ኮፒ አስነሥተው፣ አንዱንም ለጠበቃቸው አድርሰው እንዲመለሱ ላኳቸው። ሰውየው እግራቸውን አደራርቀው፣ ውሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ሄዱ፤ ኮፒ ማስነሣትም ከቅርብ ኃላፊ ከሚሰጡት ሌሎች ተመሳሳይ ሥራዎች አንዱ ነው።