ለተከበሩ ባለ 7 ዋት የኤፍኤም ማሰራጫ

ባሉበት (ፍራንኮ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር)
አዳማ

ጉዳዩ፡— ሰፈርዎን እንዲያውቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ አንድን ዘፈን ከምሳ እስከ መክሰስ ሳይታክቱ ስለሚያሰሙን እናመሰግናለን። ቅሬታችን ከዘፈኑ ጋር አይደለም። «95 ላይ ነኝ» እያሉ 190 ላይም መገኘትዎ ነው። ማጣሪያ የሌለው ማሰራጫ እጥፉንና ሦስት እጥፉን ይዞ ነው የሚወጣው፤ የ95 ሜጋኸርዝ እጥፍ ደግሞ 190 ነው፣ ከ174 እስከ 230 ባለው የቴሌቪዥን ሰፈር መሀል። ሦስት የሽቦ ጥቅልና አራት ካፓሲተር ያሉት፣ የኤፍኤም ሰፈር ከሚያበቃበት ከ108 ትንሽ አለፍ ብሎ መቁረጥ የሚጀምር ማጣሪያ በብረት ሳጥን ተደርጎ ቢገጠምልዎ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የሸጠዎት ሰው ግን የቆጠረው ዋትዎን ብቻ ነው።

ዋት ከተነሳ አይቀር፣ አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የሚባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አቅም ይዘው ከተማው ዳር ቆመዋል። የማንንም ዜና ቆረጡ ተብለው ግን አልታሙም።

የአንቴናዎን ነገር እንለፈው ብንል አላስቻለንም። የአንቴና ርዝመት በሜትር ሲሰላ 142.5 ለ95 ይካፈልና 1.5 ሜትር ይመጣል፤ በአንድ በኩል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 75፣ አለቀ። እርስዎ ሦስት ሜትር ተኩል ሽቦ እንደ ልብስ ማስጫ ዘርግተዋል። ሽቦው አልቀበልም ያለው ጉልበት ወደ ራስዎ ይመለስና የመጨረሻውን ትራንዚስተር ያግላል፤ የጋለ ትራንዚስተር ያብዳል፤ ያበደ ደግሞ ያልታዘዘበት ቦታ ይዘላል። ከ108 እስከ 137 የአውሮፕላኖች ነው፣ ቢሾፍቱም ሩቅ አይደለችም። (የዲሽ ኬብሉን አንነቅፍም። 75 ኦሙ ከ50 ኦም መውጫዎ ጋር የሚፈጥረው አለመመጣጠን 1.5 ለ1 ነው፤ በዚህ የሞተ ማሰራጫ አናውቅም። የሚገድልዎ ያ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ ስታኞ ያልነካው መገጣጠሚያ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ይላቀቃል፣ እርስዎም ያለ አንቴና ይለፋሉ።)

ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ከዘፋኟ ጀርባ «እምምም» የሚል አጃቢ ይገባል። ሰፈሩ አዲስ ቅንብር መስሎታል። የለም፤ ጎረቤት ምጣድ ጥዳለች። ምጣዱ ሲሰካ የመስመሩ ቮልቴጅ ይወርዳል። 7812 የተባለው ቮልቴጅ መጠበቂያዎ ንጹህ 12 ቮልት ለማውጣት መግቢያው ላይ ከ14 ያላነሰ ይፈልጋል፤ ከዚያ ሲያንስበት መጠበቁን ይተውና የመጣለትን ሁሉ ያሳልፋል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ወደ ቀጥታ የሚለውጡትን አራት ዳዮዶች ሲያልፍ 100 ይሆናል፤ እምምም የሚለው እሱ ነው። ይህን ማለስለስ ያለበት ባለ 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርዎ 1.5 አምፔር ሲጎተትበት ቮልቴጁ በየግማሽ ዙሩ በ3 ቮልት ያህል ይወርዳል። ወደ 10,000 ቢያሳድጉት መውረዱ ከ1.5 ቮልት አያልፍም። 7812ንም ማቀዝቀዣ አልሙኒየም ያስሩለት፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል፣ በመሀል መብራት ኃይል ያለ ጥፋቱ ይሰደባል።

ዘፈኑን የሚያቀብልዎ ስልክ ደግሞ ድምፁ እስከ ጥግ ተለቆ ነው የተሰካብዎ። ኤፍኤም ላይ ድምፅ ሲጨመር የሚጨምረው ስፋት እንጂ ርቀት አይደለም። ወዲያና ወዲህ ከ75 ኪሎኸርዝ በላይ ሲወዛወዙ «ሰ» እና «ሸ» ይሻክራሉ፣ ትርፉም 94.8 እና 95.2 ላይ ይፈስሳል። መለኪያ ከሌለ የሬዲዮውን ድምፅ ሳይነኩ ፈቃድ ያለውን ጣቢያና እርስዎን እያፈራረቁ መስማት፣ ከዚያ ከጣቢያው ትንሽ ዝቅ እስኪሉ የስልኩን ድምፅ መቀነስ ነው።

«7 ዋት ማንን ይጎዳል?» ይሉ ይሆናል። የኤፍኤም ሬዲዮ ሁለት ጣቢያ አያደባልቅም፤ የበረታውን ይዞ የደከመውን ይውጣል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የደረሰ ጣቢያ እርስዎ ደጅ ሲደርስ ደክሞታል። አንባቢው «ሚኒስትሩ እንዳሉት» ብሎ ሳይጨርስ እርስዎ እስክስታ ይወርዱበታል። ሚኒስትሩ ምን እንዳሉ ፍራንኮ እስከ ዛሬ አልሰማም።

ስለዚህ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ እስኪሰጥዎ ድረስ አንቴናውን ይፍቱና በምትኩ ሁለት ባለ 100 ኦም፣ ባለ 5 ዋት የካርቦን ሪዚስተር ጎን ለጎን ያስሩ፤ 50 ኦም፣ 10 ዋት ይሆናል። በሽቦ የተጠመጠመው ዓይነት አይሁን፣ በዚህ ሞገድ ራሱ ጥቅል ሆኖ ያርፋል። ሪዚስተሮቹ ይግላሉ፣ እዚያው ግቢ ያለ ሬዲዮ ይሰማዎታል፣ እኛም ዜናችንን እንሰማለን።

ከሰላምታ ጋር
የ94.8 እና የ95.2 አድማጮች

ግልባጭ፡—
ለጎረቤት ምጣድ፦ ለመረጃ ያህል፤ ጥፋት የለብሽም።
ለስልኩ ባለቤት፦ የድምፅ ቁልፉ ወደ ታችም ይሠራል።