ዘረመሉን የወረሰ ሁሉ አይታመምም
ስለ ሴጋዋ በሽታ የወጣ አንድ ጽሑፍ «የዘረመል ለውጡን የወረሰ ሁሉ ይታመማል» ማለቱ ልክ አይደለም። በሴጋዋ በሽታ፣ ማለትም ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ሲወሰድ በሚሻለው ዲስቶኒያ (ጡንቻ ያለፈቃድ እየተኮማተረ አካልን የሚያጣምም ሕመም)፣ ነገሩ እንዲያ አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው የጂሲኤች1 (GCH1) ዘረመል ለውጥ ኖሮባቸው ዕድሜ ልካቸውን ምንም የማይሰማቸው ሰዎች አሉ። በሽታው ደግሞ ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል። እኛ ቤት ያው አንድ ለውጥ የእህቴን ልጅ እግር አጣመመ፣ የእናቴን እጅ በስተርጅና አንቀጠቀጠ፣ እህቴን ግን ምንም አላላትም። ልጅቷ ጠዋት ደህና ትራመድ ነበር። ወደ ማታ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ይዞርና በጣቶቿ ትረግጣለች፤ ስትተኛ ይለቃታል። በጽሑፉ ሥር በሰጡት አስተያየት ስለ ልጅዎ «ይሄ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ነው፣ ፊዚዮቴራፒ ብቻ ነው መፍትሔው» ያሉት ወንድሜ ሆይ፣ እኛም ለዓመታት እንዲሁ ተብለን ነበር። የልጅዎ ሕመም ጠዋትና ማታ የሚለያይ ከሆነ ግን የነርቭ ሐኪሙ ሌቮዶፓን በትንሽ መጠን እንዲሞክርለት እባክዎ ይጠይቁ። ለፓርኪንሰን የሚሰጠው ያው ክኒን ነው። የእኛዋ በቀናት ውስጥ ነው ቀጥ ብላ የሄደችው። ደግሞም በሽታው ኖሮባቸው የዘረመል ምርመራው ላይ ምንም የማይገኝባቸው ስላሉ፣ «ውጤቱ ነጻ ነው» ተብሎ ሙከራው አይቅር።